ለሰልስት የደረሰው ሸክላ

የሟች ድምፅ የሚታተምበትን ጥቁር ሸክላ በምድጃ የምተኩሰው እኔ ነኝ። ሸክላው ውስጥ ሁለት ዓይነት ብረት እየተፈራረቀ ይሰደራል፤ ስፍራ ስፍራውን እስኪይዝ እዚያው ምድጃው ውስጥ ስምንት ቀን ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ አለበት። ከተቸኮለ ብረቱ ይደበላለቃል፤ ድምፁን የሚይዘው ማግኔት ይደክማል፤ ድምፁም ይጎድላል። ሌላ ቅጂ ማስቀረት ደግሞ በሕግ ክልክል ነው።

ወይዘሮ ደብሪቱ ባላቸውን በቀበሩ ማግስት መጥተው፣ «የሰውዬው ሰልስት ለልጆቹ የተወው ምርቃት ሳይሰማበትማ አያልፍም!» ብለው ደጄ ላይ ተቀመጡ። አንጀቴ አልቻለም። በሰልስቱ ጠዋት፣ ስምንቱ ቀን ሳይሞላ፣ ምድጃውን ከፈትኩት።

ድንኳኑ ውስጥ፣ እንደ ደንባችን፣ ሸክላው ላይ መርፌ አስጠጋሁ። ደህና ሸክላ መርፌውን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ ይሄኛው ለቀቀው። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ሸክላው ተናገረ። «አጥናፍዬ ተባረክ! ሙሉወርቅ ተባረኪ!» ከዚያ እንደ ነፋስ ሽው አለና ዝም።

ለቀስተኛው ሁሉ አለቀሰ። አባቷን ሁለት ዓመት ያስታመመችው የመጨረሻ ልጃቸው ፋንታዬ ግን አላለቀሰችም። ቀስ ብላ ወደ እኔ ተጠጋች።

«እትዬ፣ አባዬን ምን አስቀይሜው ነው?»