ለባለጓንቱ ያጨበጨቡለት

ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ኮምጣጤ ብቻ እጁን አላነሳም። ስሙን ያወጡለት የጋዜጣው ባልደረቦቹ ናቸው፤ ስለ ፊልም ሲጽፍ ጥሩ ቃል ከአፉ ወጥቶ ስለማያውቅ።

የዚያን ቀን ግን ከመኮምጠጥም አልፎ አቅለሸለሸው። የፊልሙ ጀግና ባለጓንቱ በእውን የኖረ፣ በእውን ሰው ሲያርድ የኖረ ወሮበላ ነው። ፊልሙ ላይ ግን ሽክ ብሎ ለብሶ፣ እየቀለደ፣ በዘፈን ታጅቦ ይገድላል። የገዛ ሾፌሩ ለፖሊስ ደውሎ ሲያስይዘው ተመልካቹ የሰደበው ሾፌሩን ነው።

በማግስቱ ሌሎቹ ሐያስያን "ድንቅ ሥራ" ብለው ጻፉ። አንዷማ የባለጓንቱ ፈገግታ እንቅልፍ እንደነሳት ሳታፍር ጻፈች። ኮምጣጤ ጋዜጣውን ወርውሮ የራሱን ጻፈ፦ "እዚህ ፊልም ውስጥ ሰው የሚባል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ስልክ ያነሳው። የተተፋበትም እሱ ነው።"

ብዙም ሳይቆይ የእውነተኛው ሾፌር ዛሬ የሚነግድበት ሱቅ መስታወቱ በድንጋይ ረገፈ። በሩ ላይ "ከሃዲ" ተብሎ በቀለም ተጻፈበት።

ይህን ሰሞን ነው አንዲት አሮጊት ጋዜጣውን በብብታቸው ይዘው ቢሮው የመጡት። ኮምጣጤ ወንበር ሳበላቸው።

"ይቺን የጻፍካት አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ እማማ።"

"ጎሽ። አንድ ሰው እንኳ ተገኘ።"

"ፊልሙን አዩት?"

"አየሁት። ደም የነካውን ሸሚዝ ማን እንደሚያጥበው አላሳዩም።" ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። "ያ ምስኪን ሾፌር ግን ምኑንም አያውቅ። ዛሬ ልጆቹ ደጅ መውጣት ፈርተዋል። እሱ አልደወለም ብለህ ጻፍልኝ።"

ኮምጣጤ በልቡ "እናቱ ናቸው" አለ። እናት ለልጇ ስትል የማትለው ነገር የለም።

"እማማ፣ ልጅዎ የሚያሳፍር ሥራ አልሠራም" አላቸው ቀስ ብሎ። "ይኩሩበት እንጂ አይካዱለት።"

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩት።

"ሾፌሩን አልወለድኩትም" አሉ። "የደወልኩት እኔ ነኝ፤ የወለድኩት ባለጓንቱን ነው።"