ሦስት መቶ ፊቶች

ዲዚፋ ሰናኑን የናቀችው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ሰውየው ኮምፒውተር የቀላቀላቸውን ሦስት መቶ የሰው ፊቶች «ኤን ኤፍ ቲ» ብሎ፣ ማለትም በማይለወጥ የኢንተርኔት መዝገብ ላይ የሰፈሩ ምስሎች አድርጎ ሊሸጥ ተነሥቷል። የእሷ ሥራ ምስሎቹን ከዚያ መዝገብ ስቦ የሚያሳይ ድረ ገጽ መሥራት ነው። ሽያጩ ከቀትር በኋላ ስለሚከፈት፣ ሰናኑ አክራ ወደሚገኘው ቢሮዋ መጥቶ በስተግራዋ ተቀምጧል። የተጠበሰ ሙዝ በኦቾሎኒ እየበላ ጉራውን ይነዛል።

«ለመሆኑ የማን ፊት ነው ይሄ ሁሉ?» አለችው።

«የማንም! የሌሉ ሰዎች ናቸው። አንቺን ምን አገባሽ?»

«የሌለ ሰው፣ ልብ ለሌለው ገዢ» አለች በልቧ፣ ገጹንም ከፈተችው። ሦስት መቶውም ወደ ግራ ያያሉ። ጠዋት የሚያዩት ፊት ለፊት ነበር።

«ምኑን ነካካሽው አንቺ?» ብሎ ጮኸባት።

«እኔ ምኑን እነካዋለሁ ጌታው? አንዴ ከተመዘገበ ማንም አይለውጠውም እያሉ ሲፎክሩ የከረሙት እርስዎ አይደሉ?»

ሰናኑ ተነሥቶ በቀኟ በኩል መጣና ወደ ስክሪኑ አጎነበሰ። ዲዚፋ ምስሎቹን እንደ አዲስ ሳበቻቸው። ሦስት መቶውም ወደ ቀኝ ዞረዋል።

ልትስቅበት ቃጣት፤ ግን ተወችው። ሰናኑ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ከዚያም ጠረጴዛውን ዞሮ ከስክሪኑ ጀርባ ቆመ።

«አሁንስ?» አለ ቀስ ብሎ።

ገጹን አደሰችው። ፊት የሚባል አልነበረም። የሚታየው ሦስት መቶ ማጅራት ነበር።