አልበላ ያሉት ዓሦች

ባሏ ካረፈ ወዲህ፣ የመስታወት ገንዳው ዓሦች ከእሷ እጅ አልበላ አሉ። ምግባቸውን ስትበትንላቸው፣ እሱ ቆሞ ያበላቸው ወደነበረበት ወደ ሌላው ጫፍ ሄደው ባዶውን ቦታ እያዩ አፋቸውን ይከፍታሉ። የተበተነው እየበሰበሰ ውሃው ይደፈርሳል፤ በባልዲ መቅዳትና መድፋት ታክቷታል።

«እማዬ፣ በቃ ለሰው እንስጣቸው» አለች ልጇ ከጓዳ።

«የአባትሽን ዓሦች? ዓይኔ እያየማ አይሆንም!»

ዛሬ የምግቡን ጣሳ ገና ሳትከፍተው ዓሦቹ እየተግተለተሉ ወደ እሷ መጡ።

«ተመስገን! እናንተ ግትሮች፣ አሁን ነው ልብ የገዛችሁት?» ብላ ልጇን ልትጠራ ፈቀቅ አለች።

ዓሦቹ አልተከተሏትም። አፋቸውን ከፍተው ከኋላዋ ወደነበረው ቦታ ያያሉ።

ጣሳው እጇ ውስጥ እንደተከደነ ነው፤ ውሃው ላይ ግን ምግብ ይበተን ጀመር።