የማይንቀጠቀጥ ሞተር ሳይክል

"ሞተሩን ቀይረውብኛል፤ ይፍቱልኝ!"

ባህረዲን ሞተር ሳይክሉን ሳያጠፋ ጋራዡ በር ላይ ገተረው። መካኒኩ ጋሼ ውቤ ቀና አሉ። "ምኑ ተበላሸብህ?"

"ምንም! አይንቀጠቀጥም።"

መርካቶ ውስጥ ሰው መካኒክ ዘንድ የሚሮጠው ሲንቀጠቀጥበት ነው፤ ባህረዲን ግን መንቀጥቀጡ ስለቀረ ይጮኻል። አይፈረድበትም። ይህ ባለ ክብ መብራት የድሮ ሞዴል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አጥንቱን ሲንጠው ኖሯል። ማታ ቤቱ ሲገባ ጣቶቹ ደንዝዘው የሻይ ብርጭቆ እንኳ ያመልጠዋል። ቢሆንም ኦሪጅናል ሞተሩን ማንንም አያስነካም። ዕቃ እንዳይቀየርበት ብሎኖቹ ላይ በሚስቱ በጠሂራ ቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጓል። ትናንት እዚህ የተወው ሰንሰለቱ እንዲጠብቅለት ብቻ ነበር። ዛሬ ጠዋት ወስዶ እስከ ሰባተኛ ሰፈር ሲነዳው መሪው እጁ ውስጥ ጭጭ አለ። ክው ብሎ ተመለሰ።

"ይህን ቀለም ይዩት፤ ገና ትኩስ ነው" አለ ጎንበስ ብሎ። "ሌባው ቀለም ሁሉ ይዞ ነው የመጣው!"

"እዚህ ሌባ አልገባም። ተመችቶህ የለ? ተወው በቃ።"

"ተወው" መባሉ ነገሩን አባሰው። ንጹህ ሰው መፍታት ምን ያስፈራዋል? ትናንት ደግሞ ጠሂራ ከጁምዓ ስትመለስ፣ ጫማዬን መስጊድ በር ላይ ተሰረቅሁ ብላ ገባች፤ ለኢድ የገዛላትን ያን ወፍራም ሶል ያለውን። ትናንት ጫማ፣ ዛሬ ሞተር! አገሩ ሁሉ ሌባ ሆኖበታል።

"ካልፈቱት እኔው እፈታዋለሁ።"

"አደራ አለብኝ እኮ፣ አንተ ልጅ!"

"የማን አደራ?"

ጋሼ ውቤ መፍቻቸውን አንስተው ቁጢጥ አሉ። ባህረዲን የሞተሩን ቁጥር አጎንብሶ አነበበ፤ ያው የራሱ ነው። ግራ ገባው። ጋሼ ውቤ ሞተሩ ከሻሲው ጋር ከሚገናኝበት ቦታ አንድ ጥቁር ወፍራም ጎማ መዝዘው መዳፉ ላይ አኖሩለት።

"ንዝረቱን የዋጠልህ ይኼ ነው።"

ገልበጥ አደረገው። የጫማ ሶል ቁራጭ ነው፤ ተረከዙ ላይ 36 የሚል ቁጥር አለ። የጠሂራ እግር ትንሽ ነው፤ ይህን ቁጥር ፍለጋ ግማሽ ቀን መርካቶን ዞሯል።

"'እጁ እየደነዘዘ ነው፤ ብነግረው አያስነካም' ብላ እዚሁ ቆማ አስቆረጠችኝ" አሉ ጋሼ ውቤ። "ቀለሙንም የቀባችው ራሷ ናት።"

"ሌላኛውስ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ከኋላ በኩል ነው።"

ባህረዲን አፈረ። ዛሬ ጠዋት ጠሂራ በነጠላ ጫማ የክረምቱን ጭቃ እየዘለለች ስትወጣ፣ "ጫማ መጠበቅ ያቃተሽ!" ብሎ ጮኾባት ነበር። እሷ ዞር ብላ እጆቹን ብቻ አየችና መንገዷን ቀጠለች።