የእናት ጉርሻ

«ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት በሰው ልጅ ምን አገባት?» እያሉ የዕድሩ ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ መለሷቸው። እማማ ዘርፌ ግን የጎረቤታቸውን የአልጣሽን ልጅ፣ የሰባት ዓመቷን አስካለን፣ ዓመት ሙሉ በአጥር ቀዳዳ ቂጣ እያቀበሉ ያኖሯት እሳቸው ናቸውና የሚያውቁትን ያውቃሉ። በአራተኛው ሽማግሌዎቹን እየነዱ ከአልጣሽ ቤት አስገቧቸው።

አልጣሽ ዶሮ ወጥ አቀረበች። ሽማግሌዎቹ ጣታቸውን እስኪልሱ በሉ። እማማ ዘርፌ እጃቸውን ወደ ገበታው አልሰደዱም፤ የሚበሉትን ማየቱ ራሱ አስጠላቸው።

«ልጄን አስርባለሁ አሉ? እንዲያው የእኚህ ሴትዮ ምላስ!» አለች አልጣሽ።

«እስቲ እኛ እያየን አጉርሻትና ነገሩ በዚሁ ይብቃ» አሉ የዕድሩ ዳኛ አቶ በላቸው፣ አፋቸውን እንደሞሉ።

አልጣሽ ሥጋ ያለበት ጉርሻ ጠቅልላ «ነይ የኔ ማር» አለች። አስካለ በሁለት እጇ ተቀበለችና ወደ ደጅ ሮጠች። ጉርሻውን ከውሻው ሳህን ላይ ስታስቀምጥ ሁሉም በበሩ አዩዋት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተመለሰች።

«ለቡቺ ሰጠሁት፣ እማዬ። አልቀመስኩም።»

እማማ ዘርፌ ተነሱ።

«አንተ በላቸው! የጎረስከውን ትፋና፣ ልጅቷ ከእኔ ጋር ትሂድ በል!»