እትዬ ጤናዬ ያስቆራረጡት ግጥም

መቅደላዊት ሴትየዋን የጠላቻቸው ገና ከበሩ ሲገቡ ነው። ጡረታ የወጡ የሥዕል መምህርት ናቸው፤ እትዬ ጤናዬ ይባላሉ። ሰኞ ጠዋት ላፍቶ ወዳለው ማተሚያ ቤት ዘይት የነካው ፌስታል አንጠልጥለው መጡ።

«ግጥም ነው» አሉ።

ከፌስታሉ የወጣው በኮምፒውተር ተጽፎ በመቀስ የተቆራረጠ ወረቀት ነበር። አንዱ ቁራጭ ላይ ሁለት ቃል፣ ሌላው ላይ አንድ። ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ጠረጴዛዋ ላይ በተኑት። ያቅለሸልሻል እኮ። ሰው የላሰውን ወረቀት ማን ይነካል?

የፈለጉት የኪዩቢዝም ሥዕል የሚመስል መጽሐፍ ነው።

«ሠዓሊዎቹ አንድ ጊታር ከፊትም ከጎንም ከኋላም በአንዴ ያሳዩሻል። ፊደሉም እንደዚያ ይሁንልኝ። ስበሪው፣ አጋድሚው። አንድ ቁራጭ ግን እንዳይቀር።»

«ስምዎን የት ላስገባው?»

«እሱ ይቆየን» አሉና በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉ።

መቅደላዊት ገጽ ማቀናበር ብቻ አይደለም ሥራዋ። ከአራት ዓመት በፊት የግጥም መጽሐፍ አሳትማለች፤ ዘንድሮ ለሽልማት ታጭቷል። ውጤቱ ቅዳሜ ነው። መጽሐፉ ከወጣ ወዲህ አንድም ግጥም አልጻፈችም። ለምን ሲሏት ሥራ በዛብኝ ትላለች።

ረቡዕ ዕለት ፊደሎቹን እያጋደመች ሳለ እጇ ቆመ። «የጀሞ ዝናብ»፣ «አራተኛ ፎቅ»፣ «ያለ ጃንጥላ»። የመጽሐፏ የመጀመሪያ ግጥም ነው። ሌሎቹንም አገላበጠች። ሁሉም ከመጽሐፏ ነው።

ደሟ ፈላ። ለካ መቆራረጡ ለዚህ ኖሯል፤ የሰው ግጥም ሰርቆ፣ በሥዕል አሳብቦ፣ ባለቤቱ እንዳያውቀው አድቅቆ ማሳተም። ያውም ባለቤቷን ራሷን አሠርቶ። ዓይንን በጨው መታጠብ ማለት ይሄ ነው።

«ፌስታላቸውን መልሰሽ ሸኚያቸው» አላት አለቃዋ ሱልጣን።

«አላደርገውም። ይቺ አሮጊት መጽሐፉን ብታወጣው ቅዳሜ ከዕጩዎቹ የሚሰረዘው የእኔ ስም ነው። አንተ ምስክር ትሆነኛለህ።»

ሐሙስ እትዬ ጤናዬ መጡ።

«ግጥሙን ከየት እንዳመጡት አውቄያለሁ» አለቻቸው።

«ታውቂያለሽ ብዬ ነው እኮ ወዳንቺ ያመጣሁት።»

«እያንዳንዱን ቃል አሳይዎታለሁ።»

«አሳዪኝ» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

መጽሐፏን ገለጠች። በምራቅ የራሱትን ቁራጮች እየተጸየፈች፣ በሁለት ጣቷ እያነሳች፣ በየገጹ ላይ በየቦታቸው ደረደረቻቸው። አንድ ሰዓት ፈጀባት። ሁሉም ልክክ አለ።

«አያፍሩም፣ እማማ?» አላቸው ሱልጣን። እሱንም አንገሸገሸው።

እትዬ ጤናዬ ጠረጴዛው ላይ ወደ ተረፉት አራት ቁራጮች በጣታቸው አመለከቱ።

መቅደላዊት መጽሐፏን ከዳር እስከ ዳር አገላበጠች። አራቱ ቁራጮች የትም ገጽ ላይ የሉም። ሱልጣን ተቀብሏት ገጣጠማቸውና ጮክ ብሎ አነበበ፦

«ስሞት ደብተሬን ለእናቴ አድርሱላት፣
ልጅሽ እፀገነት ጻፈችው በሏት።»

መቅደላዊት የሟች ጓደኛዋን ደብተር በሰው እጅ ለእናትየው ከመላኳ በፊት ወደ መጽሐፏ ስትገለብጥ፣ የዘለለችው እነዚህን ሁለት ስንኞች ብቻ ነበር።