አጥብቀህ አንብብ

የኔታ ሀብተ ሥላሴ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በታንኳ ሐይቁን ተሻግረው ይመጡና መጋዘኑ በር ላይ ኪሳቸውን ያስፈትሻሉ። መጋዘኑ ድሮ የጥጥ ማከማቻ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ግን በባሕር ዳር ወረቀት በተኑ የተባሉ ልጆች ታጉረውበታል። ትልቁ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የትንሹ ድምፅ ገና አልጎረነነም።

ኃላፊው ጓድ አለበል በየስብሰባው ሃይማኖትን ሲያወግዝ ይውላል። እናቱ ግን የየኔታ የቅርብ ሰው ናቸው፤ ከልጃቸው የሰሙትን ሁሉ ለየኔታ ይነግራሉ። «ለልጆቹ እግዚአብሔርን የሚያስታውስ ሰው ካላስገባህ ያጠባሁህ ጡት ይፍረድህ» ቢሉት፣ ምን ያድርግ፣ በሳምንት አንዲት ሰዓት ፈቀደ።

የኔታ ጸሎት ያደርሱና ንባብ ያስተምራሉ። ከሁሉ የሚቆጡት አስማማውን ነው። አስማማው ጠብቆ የሚነበበውን ሁሉ እያላላ ያነባል።

«አንተ ልጅ፣ ምላስህን ቅቤ ቀብተኸዋል ወይ?» ይሉታል። «እስቲ ‹በጉ ይበላል› ብዬ ብጽፍልህ ምን ትላለህ? ካላላኸው በጉ ሣሩን ይግጣል። ካጠበቅኸው ግን በጉ ራሱ ወጥ ሆኗል። ፊደሉ ያው ነው፤ ጥፋቱ የአንባቢው ነው።»

ልጆቹ ይስቃሉ። ክንዱ ከሁሉም በላይ ይስቃል።

ክንዱ የመራዊ ልጅ ነው። ለትምህርት ባሕር ዳር መጥቶ እነአስማማው ቤት ሦስት ዓመት ኖሯል። ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ ተኝተዋል፤ የአስማማው እናት እመት የሺመቤት ከአንድ ትሪ አብልተዋቸዋል። ወረቀቱንም አብረው ነው የሠሩት። ክንዱ በእጁ ጻፈ፣ አስማማው በተነ። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም።

አንድ ሰኞ ጓድ አለበል ከተበተኑት ወረቀቶች አንዱን ይዞ ገባ።

«የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ የነገረኝ በማግስቱ እናቱ ቤት ይገባል» አለ። «ጸሐፊው ግን ቤቱን አያያትም።»

ማክሰኞ ክንዱ ወደ ቢሮ ተጠራ። ሲመለስ አንድ ዳቦ ይዟል፤ የግራ እጁ ጣቶች ቀለም ነክቷቸዋል።

«ምን ስትጽፍ ቆየህ?» አለው አስማማው።

«አትጠይቀኝ። ባታውቀው ይሻልሃል» አለና ዳቦውን ገምሶ ሰጠው።

አስማማው ዳቦውን ተቀብሎ ሳይበላው አስቀመጠው። በማግስቱ አዘዘ የሚባለው ልጅ ተጠራ። እሱ ግን አልተመለሰም። ሐሙስ ክንዱን ደግመው ጠሩት። ደግሞም ዳቦ፣ ደግሞም ቀለም።

እመት የሺመቤት «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ሲሉ አስማማው ይስቅባቸው ነበር። አሁን ሳቁ ጠፋ። የፈራው ሞትን ብቻ አይደለም፤ ከአንድ ትሪ አብሮት የበላ ሰው ለዳቦ ብሎ ጓደኛ መሸጡ አንገበገበው።

እሁድ የኔታ ሲመጡ ጠባቂው ከአጠገባቸው አልርቅ አለ። ጸሎቱን አሳጥረው ጨረሱ። ክንዱን አየት አደረጉና፣ በቆዳ የተለበጠችውን የጸሎት መጽሐፋቸውን ለአስማማው ሰጡት።

«ሳምንቱን አንተ ዘንድ ትሰንብት» አሉት። «አደራ፣ አጥብቀህ አንብብ።»

ልጆቹ ሳቁ። ጠባቂውም አብሮ ሳቀ።

ሰኞ ጠዋት አስማማው መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ መጽሐፏን ሲገልጥ፣ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፉ ሦስት ቃላት አገኘ።

«ክንዱ ይከዳል። ጠብቁት።»

ደጋግሞ አነበበው። ይኸው፣ የኔታም ደርሰውበታል። ማዶ ላይ ክንዱ በቀኝ እጁ መርፌውን እየሳበ የአስማማውን የተቀደደ ሸሚዝ ይሰፋል። ቀና ብሎ ፈገግ አለለት። አስማማው መጽሐፏን ዘጋ።

አዘዘን አስወሰደው፤ ነገ እኔንም ያስወስደኛል ብሎ አሰበ። ካልቀደመው እናቱን ዳግም አያያቸውም። ተነሥቶ በሩን ደበደበ።

ቢሮ ገብቶ ብዙ አላወራም።

«ወረቀቱን የጻፈው ክንዱ ነው» አለ።

ጓድ አለበል እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እርግጠኛ ነህ?»

«ስንት ዓመት አብሬው ተቀምጫለሁ። እጁን አውቀዋለሁ።»

ክንዱን ሲወስዱት ሸሚዙን አጣጥፎ አስማማው ፍራሽ ላይ አኖረው። ስፌቱ አልቆ ነበር። ማክሰኞ ጓድ አለበል ቃሉን ጠበቀና አስማማው እናቱ ቤት ገባ። እመት የሺመቤት አንገቱን አቅፈው ካለቀሱ በኋላ፣ በበሩ በኩል ሌላ ሰው ይመጣ እንደሆነ አሻግረው አዩ።

እሁድ አስማማው መጽሐፏን ሊመልስ ሐይቁ ዳር ወርዶ ጠበቀ። የኔታ ከታንኳው ሲወርዱ አዩትና ፊታቸው በራ።

«ተፈታህ? እግዚአብሔር ይመስገን። ክንዱስ?»

«ክንዱማ ተወሰደ» አለ አስማማው። «እንኳን ነገሩኝ፣ የኔታ። ሳይከዳኝ ቀደምሁት። ጸሐፊው እሱ መሆኑን ተናገርሁ።»

የኔታ መቋሚያቸውን ተደገፉ። «ሁለቴ አስጽፈውት እጁ ስላልገጠመላቸው፣ የሚጠቁምላቸው ሰው ነበር የሚፈልጉት» አሉ።

«እኔ ምን ብዬ ነገርሁህ?»

አስማማው መጽሐፏን ገልጦ፣ እንደ ልማዱ እያላላ፣ «ክንዱ ይከዳል» ብሎ አነበበላቸው።

የኔታ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ።

«አጥብቀህ አንብብ» አሉት።